ቤንዚን የማትጠጣው መኪና

በ1932 ክረምት የመተማው ጣሊያን ቤንዚን አለቀበት። እንግሊዝ በሱዳን በኩል ዘግቶበታል፤ የጎንደርን መንገድ ጭቃ ውጦታል፤ የገንዳ ውሃ ጫካ ደግሞ የአርበኛ ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያቸው፣ ሰልባትዮአቸው፣ እንደሞላ የቀሩ አራት ካሚዮኖች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም «ለክፉ ቀን» ተብለው፣ ሸራ ለብሰው ከግቢው ጥግ ቆመዋል።

ክፉ ቀን ማለት ምን እንደሆነ የሻረግ አሳምራ ታውቃለች። እሷና መካኒኩ ባሏ አዛናው ከሕፃን ልጃቸውና ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር የሚኖሩት በሾህ ሽቦ በታጠረው ግቢ ውስጥ ነው። ወንዱ እንዳይከዳ ሚስትና ልጅ መያዣ ናቸው። ጣሊያን የሸሸ ዕለት ሁሉንም በአራቱ ካሚዮን ጭኖ ይወስዳቸዋል፤ አልጫንም ያለ ይረሸናል። ይህ በአዋጅ ተነግሯል።

በግቢው ውስጥ የጫማው ማሰሪያ ሁልጊዜ የተፈታ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ሣጥን የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ ይዟል። ራዲየም ትባላለች አለ። ኃይሏ አንድ መኪና መቶ ዓመት ይነዳል አለ። የጦሩ አዛዥ ሻለቃ መጀመሪያ ሳቀበት። ሰኔም ሐምሌም አልፎ ቤንዚን ሲጠፋ ግን፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ የራሱን ትንሽ መኪና ሰጠው። አዛናውንም ጨመረለት።

አዛናው ሆድ ይፍጀው ባይ ሰው ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል። ሻለቃው ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከወንበሩ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ደልድሎ መቀመጫውን ከፍ አደረገለት። ሻለቃው በዚህ ብቻ ወደደው።

በመስከረም መጨረሻ መኪናዋ ተፈተነች። ሻለቃው ራሱ ሰልባትዮዋ ውስጥ እንጨት ሰዶ ደረቅ መሆኑን አየ፤ ክዳኑንም በሰም አተመ። መሐንዲሱ የድንጋዩን ሣጥን በቧንቧ ከሞተሩ አገናኘ፤ አዛናው ብሎኑን አጠበቀ። የሞተር ማስነሻው ብረት፣ ማኖቬላው፣ ሲዞር መኪናዋ አስነጠሰች፤ ከዚያ ተነሳች። ድምጿ እንደ ዱሮው፣ ጭሷም እንደ ዱሮው ነው። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። መሐንዲሱ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ሻለቃው በየቀኑ ይንሸራሸርባት ጀመር።

የአዛናው ሰውነት ግን መነመነ። ከንፈሩ ተላጠ፤ ሳል ያዘው። ጣሊያኖቹ ሙቀቱን ሸሽተው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲተኙ ሌላው ሠራተኛ ምሳውን ይበላል፤ እሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲመጣም እህል አይልም፤ ወተት ነው የሚጠይቀው። እሱኑም አንዳንዴ ይመልሰዋል። ከምድጃው ርቆ ይተኛል፤ ኩራዝ ስታቀርብለት ይቆጣል። ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ቀምማ ብትሰጠው ምንም አልሠራለትም።

«ድንጋዩ በላህ አይደል?» አለችው።

«ዝም በይ። ግድግዳው ሸንበቆ ነው» አላት።

የሻረግ ወደ አስተርጓሚው ወደ ኸሊል ሄደች። ኸሊል ድንበር ላይ ሲነግድ ያረጀ ሽማግሌ ነው፤ ዓረብኛም ጣሊያንኛም ይችላል።

«አያ ኸሊል፣ እችን ድንጋይ ይንገሩኝ እስቲ። ምንድን ናት?»

«ወላሂ ልጄ፣ የሰማሁትን ልንገርሽ። በአገራቸው ከሷ ጋር የሠሩ ሰዎች አጥንታቸው እየረገፈ ሞተዋል አለኝ መሐንዲሱ። እሱ ራሱ ያለ ጓንት አይነካትም።»

«አዛናውስ?»

ኸሊል አንገቱን ደፋ። «ለባልሽ ጓንት አልሰጡትም።»

በማግስቱ ልጇን አዝላ ከሻለቃው እግር ሥር ወደቀች። ባሌን ከዚያች መኪና ይለዩልኝ፣ ድንጋይ ያሸክሙት፣ ጉድጓድ ያስቆፍሩት ብላ ለመነች፤ ኸሊል አስተረጎመ። ሻለቃው አዛናውን አስጠርቶ ጠየቀው።

«እሷ አታውቅም ጌታዬ። ከዚች መኪና የሚለየኝ ሞት ብቻ ነው» አለ አዛናው።

ሻለቃው ደስ ብሎት ሲጋራ ሰጠው። አዛናው ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ለጠላት መኪና ብለህ ልጅህን የሙት ልጅ ልታደርጋት?» አለችው ጎጇቸው ሲገባ። ከምድጃው ርቆ ጋደም አለ። አዚም አድርገውበታል አለች በሆዷ። ያን ቀን ጠላችው። በማግስቱ ግን ወተት ፍለጋ ከጎጆ ጎጆ ስትዞር ዋለች። ሽቦው አያስወጣ፣ ባሏ አይሰማ፤ መያዣ ላይ መያዣ ሆነባት።

ጥር ላይ የእንግሊዝ መድፍ ቀረበ። ጦሩ ወደ ጎንደር እንዲያፈገፍግ ትእዛዝ መጣ። ጠዋት ሻለቃውና መሐንዲሱ ከሁለት መኮንኖች ጋር በድንጋይዋ መኪና ሊቀድሙ ተነሱ፤ ሻለቃው በዚህች መኪና ኒሻን ሊያገኝ ቋምጧል። አዛናውንም ሊወስዱት ነበር፤ በሩ ላይ ሲያስታውከው ሻለቃው ተጸየፈውና ተወው። መኪናዋ አቧራዋን አስነስታ በበሩ ወጣች።

ወዲያው ወታደሮቹ የካሚዮኖቹን ሸራ መግፈፍ ጀመሩ። «ጫን! ሁሉም ይጫን!» እያለ አሥር አለቃው ጮኸ። ሴቱ ዋይ ዋይ አለ። የሻረግ ልጇን አዝላ፣ ሰሌኗን ጠቅልላ አሰረችና ባሏን ልታነሳው በብብቱ ያዘችው። ቅጠል ያህል ቀሎ አገኘችው፤ እንባዋ መጣ።

«በዚህ አካልህ ካሚዮኑ ሲንጥህ ጭልጋ ሳንደርስ ትሞትብኛለህ። ምን ባደርግ ይሻለኛል አዛናው?»

አዛናው ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አንገቷን ስቦ ወደ አፉ አስጠጋት።

«ሰሌኑን ፍቺው፤ ድንጋይ መኪና አይነዳም፤ የአራቱን ካሚዮን ቤንዚን በአፌ እየሳብሁ ጠብታ ሳላስቀር በሻለቃው መቀመጫ ሥር ባለው ሣጥን ለዚያች ያጠጣሁ እኔ ነኝ፤ እሷም ብትሆን የቀራት ቤንዚን ከገንዳ ውሃ ጫካ አያሳልፋትም።»