ጠባሳ ያለበት ኩላሊት

ታናሽ ወንድሟ «እናታችንን ያላስታመምሽ!» ብሎ በዘመድ ፊት ካዋረዳት ወዲህ ስንት ዓመት አኩርፋው ኖራለች። አስታማሚዋ እሷው ነበረች። ኩላሊቷን ስትሰጠው እንኳ «ውሰድ፤ ፊትህን ግን እንዳታሳየኝ» ብላ ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። «እናቴ፣ ኩላሊቱን ስንተክል ቅንጣት ቆርጠን በማይክሮስኮፕ አይተነው ነበር። ጥቃቅን ጠባሳ አለበት። ዕድሜ ያመጣው ነው፣ እርስዎን አይጎዳም። ለእሱም ይሠራል ብለን እናስባለን፤ ብቻ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«የምን ዕድሜ! እሱው ነው ያቆሰለኝ። የሥራውን አገኘ!»

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ግን ኩላሊቱን ሰጥታ ቂሙን ለራሷ ያስቀረች መስሏት ነበር፤ ለካ አብሮ ሄዷል።

ሐኪሙ ሲወጣ ተነሳች። ቁስሏን በመዳፏ ደግፋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እሱ ክፍል ደረሰች። ወንድሟ ገና በር ላይ ሲያያት ደነገጠና፣ ቃሏን አክብሮ አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከአልጋው ጎን በተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ውስጥ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነበረች። አየት አደረገቻት።

«እንደ ባለቤቱ እልኸኛ ነው። ታገሠው እንግዲህ» አለችና አንሶላውን ከፊቱ ላይ ገለጠችው።