ስለ ግሬታ የሚጠይቀው ሰው

ግሬታ ሊንድ በትንሿ ኦልደር ክሪክ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዩኒፎርም ለብሳ ያለ ደመወዝ በተጠባባቂ ፖሊስነት ታገለግላለች። አራት ዓመት እንዲህ ከሠራች በኋላ መደበኛ ፖሊስ ለመሆን አመለከተች። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ስለማይቀጥሩና እሷም ሠላሳ አራት ስለሞላት ዕድሉ የመጨረሻዋ ነበር።

ተጠባባቂነቷ ይጠቅማት እንደሆነ ሳጅን ሃርመንን ጠየቀችው።

«ሌላውን አመልካች ክራቫት አስሮ ሲመጣ አንድ ቀን ነው የምናየው» አላት ሳንድዊቹን እያኘከ። «አንቺን ግን አራት ዓመት ሙሉ አይተንሻል። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን መኪናው ውስጥ የቆለፍሽበትን ቀን ማን ይረሳል?»

ጣቢያው በሙሉ ሳቀ። ግሬታም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳጅኑን ማመን አቃታት።

ሌሎቹ አመልካቾች የማያውቁትን አንድ ነገር እሷ ከጣቢያው ወሬ ለቅማ ታውቃለች። ከመቅጠራቸው በፊት አጣሪ ይልካሉ። አጣሪው ሳይታሰብ መጥቶ ጎረቤቱን ሁሉ ያነጋግራል።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ግራጫ መኪና ሰፈሩ ውስጥ ታየ። ነጂው ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ አንደበቱ የረጋ ሰው ነበር። ጎረቤቷን ወይዘሮ ዊኒፍሬድን ስለ ግሬታ ጠየቃቸው፤ ብቻዋን ትኖር እንደሆነ፣ ተረኛ የምትሆነው መቼ መቼ እንደሆነ፣ ውሻ እንዳላት፣ ትርፍ ቁልፏ ማን ጋ እንደሚቀመጥ።

«እኔስ አላማረኝም» አሉ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ። «ማን ነህ ብለው ፈገግ ብሎ ዝም። ለፖሊስ ልደውል ነበር።»

«ኧረ እንዳይደውሉ፣ እማማ ዊኒ። የላኩት እነሱው ናቸው።»

«ስለ እኔም ጠየቀኝ እኮ። እሑድ የት እንደምውል።»

«እርስዎም የሚታመኑ ምስክር መሆንዎን እያየ ነዋ። የጠየቀዎትን ሁሉ ይንገሩት። ደበቁኝ ብሎ ካሰበ የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ይህንኑ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰች። ሰውየውን ከደጁ ያባረረውን መካኒኩን ሮስኮን ይቅርታ እንዲጠይቀው ለመነችው። ሮስኮ፣ አንቺ ፖሊስ እንድትሆኚ እኔ ለሰላይ ቢራ ልጋብዝ ነው ወይ ብሎ አላገጠባት፤ በኋላ ግን እሺ አለ።

አንድ ቀን አውቶቡሷን እየነዳች ስታልፍ ሳጅን ሃርመን የምግብ ቤቱን በር ይዞ ሰውየውን ሲያሳልፈው አየች። መኪና ውስጥ ስለቆለፈችው ቁልፍ እየነገረው መሆን አለበት ብላ አሰበች።

ሐሙስ ከሰዓት ሰውየው የእሷን በር አንኳኳ። ይመጣል ብላ ቤቷን አስቀድማ አጽድታ ነበር። የጋገረችውን አፕል ፓይ ቆርሳ አቀረበችለት።

«ለምን እንደመጡ አውቃለሁ» አለችው።

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠና ወደ በሩ አየ።

«የምደብቀው ነገር የለኝም» ብላ ቀጠለች። «የፈለጉትን ይዩ።»

የሰውየው ፊት ፈታ አለ። ምድር ቤቱን፣ የጓሮውን በር፣ ሽጉጧን የምትቆልፍበትን ካዝና ሳይቀር አሳየችው። ሰውየው አንድም ነገር አልጻፈም። ምን ዓይነት የማስታወስ ችሎታ ነው ብላ ተደነቀች።

«እንደ እርስዎ ያለ ፖሊስ ያብዛልን» ብሏት ወጣ።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ምሳ ነበር። የግሬታ ሰፈር ሰው አንድም ሳይቀር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። እሷ ውጭ ቆማ መኪና ታስተናብራለች። ሳጅን ሃርመን ከአንዲት ሸበቶ ሴት ጋር ወደ እሷ መጣ።

«ለአለቃው ካንቺ የተሻለ አመልካች የለም ብዬዋለሁ» አላት። «ቁልፉን እየጠቀስኩ የምቀልደው ስለምወድሽ ነው።»

ግሬታ ዕንባዋ መጣ። ለካ ሰውየውም መልካም ነገር ነው ይዞ የሄደው።

«በይ ተዋወቂያት» አላት ሳጅኑ ወደ ሴትየዋ እያመለከተ። «አጣሪሽ እሷ ናት፤ ከተማችን የገባችው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ሥራዋን ነገ ትጀምራለች።»