ዘጠነኛው ፎቶ

ላፕቶፔ ሲበራ ወፍጮ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ጀመር። የዓመት ሥራዬ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ታላቅ ወንድሜ ግን የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው።

"ራስሽ ፈትተሽ ማራገቢያውን ቀይሪው" አለኝ በስልክ። "አንድ ነገር በፈታሽ ቁጥር ፎቶ አንሺ። ስትገጥሚ ከመጨረሻው ፎቶ ወደ መጀመሪያው ትሄጃለሽ። ብሎን ከተረፈሽ ጉድሽ ፈላ!"

በቀኝ እጄ ካቻቪቴ፣ በግራ እጄ ስልኬን ይዤ ስምንት ፎቶ አነሳሁ። ማራገቢያውን ቀይሬ መልሼ ስገጥም፣ አራተኛው ፎቶ ላይ ስደርስ የአንዲት ቀጭን ሽቦ መግቢያ ጠፋኝ። "ያነሳሁት ስምንት ነው፣ አራተኛውን እይልኝ" ብዬ ሁሉንም ላኩለት። ወዲያው ደወለ።

"እሰይ፣ አጋዥ አገኘሽ!"

"የምን አጋዥ? ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ ማን አነሳልሽ? ሁለቱም እጆችሽ እኮ ሥራ ላይ ናቸው።"

ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። እውነቱን ነው። ቀኝ እጄ ካቻቪቴ፣ ግራ እጄ ሽቦዋን ይዟል። ሦስተኛውን ከፈትኩ፤ ትከሻዬ ይታያል። ሁለተኛው ላይ ማጅራቴ አለ። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ከበሩ በኩል የተነሳ ነው፤ ጀርባዬ፣ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አለበት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ መልሼ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ማንም የለም።

"ስምንት ነው ያነሳሁት አላልሽም?" አለ ወንድሜ። "ዘጠነኛ አሁን ገባልኝ።"

ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ወደ ጠረጴዛው አፈገፈግኩ።

"አንቺ፣ ደህና ነሽ ግን? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ።"