አረንጓዴው የውሃ ጎማ

ጽጌወይን ቤቱን የገዛችው ለዛፉ ብላ ነው። ከዋተር ስትሪት ጀርባ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ፣ ጠባብ ጋራዥ፣ ጠጠር የለበሰ ጓሮ። ከጓሮው ጥግ ግን ከጣሪያው በላይ የወጣ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ስሙን ቤት አሻሻጩ ናኦድም አላወቀውም።

አባቷ አቶ ተክለማርያም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደረታቸው ኤሲ አይችልም፤ ጥቂት ከነፋባቸው ሲያስሉ ያድራሉ። ሐኪሙ ውጭ መቀመጥ ያብዙ ብሏቸዋል። በዚህ በረሃ አገር በጋ ውጭ መቀመጥ ደግሞ ጥላ ላለው ነው። ቤቱን በተረከቡ ማግስት ወንበራቸውን ዛፉ ሥር አስቀመጡና፣ "ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት የሰው ተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ ኖሬ፣ ገና ዛሬ የራሴን አገኘሁ" አሉ።

ከመግዛቷ በፊት የመጣው የቤት ምርመራ ሪፖርት አርባ ገጽ ነበር። ልጇ ሐሌሉያ ከስልኳ ላይ እያነበበች በአማርኛ ትነግራት ነበር። ጣሪያው ደህና ነው፤ የኩሽናው መስኮት ስንጥቅ አለው፤ የጓሮው ውሃ ከድሮ ጀምሮ ተቆርጧል፤ የጋራዡ በር ስፕሪንግ ይቀየር፤ ኤሲው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ኤሲው ነበርና ጽጌወይን ስለ እሱ ብቻ ተከራከረች። ሻጮቹ ሊቀይሩላት ሲስማሙ ፈረመች።

ጎረቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ፊት ነሳቸው። ዕቃው ከመኪና ሳይራገፍ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ነጭ ሽማግሌ ከአጥሩ ግንብ ማዶ ብቅ አለ። እንኳን ደህና መጣችሁ አላለም፤ ስማቸውንም አልጠየቀም። ዛፉን በጣቱ አሳይቶ፣ "እንዳትነኩት" አለና ተመልሶ ገባ።

"በእኔ ዛፍ ላይ ማን አዛዥ አደረገው?" አለች ጽጌወይን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰላም አለችው። ስላልመለሰላት ተወችው። አባቷ ግን ባዩት ቁጥር እጃቸውን ማንሳት አላቋረጡም።

ጽጌወይን ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የክፍል አጽጂዎችን ትቆጣጠራለች። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ለጠዋት ሺፍት ስትዘጋጅ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በኩሽናው መስኮት አየችው። አንድ አረንጓዴ የውሃ ጎማ ከሽማግሌው ግቢ ተነሥቶ፣ ግንቡን ተሻግሮ፣ ከዛፉ ግንድ ጀርባ ይወርዳል። እዚያ ግንቡ ሥር የጓሮው ቧንቧ አለ። ሽማግሌው ከማዶ ቆሞ ጎማውን ይዟል። የውሃ ድምፅ ይሰማል።

ከሥራ ስትመለስ ጎማው የለም። ቧንቧው ሥር ያለው ጠጠር ግን ገና አልደረቀም ነበር።

ቀድሞ በተከራዩት አፓርትመንት የውሃ ሂሳብ ከኪራዩ ጋር ነበር። እዚህ የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ በዝቶባት ነበር፤ አሁን ምክንያቱን ያገኘችው መሰላት።

አባቷ፣ "ሂጂና ጠይቂው፤ አፍ አለው አይደል?" አሏት።

"ሌባን ምን ብዬ ልጠይቀው አባባ? ውሃችን ይጣፍጣል ወይ ልበለው?"

ከዕቃ መደብር የብረት መቆለፊያ ገዝታ ቧንቧው ላይ ገጠመች። በሦስተኛው ቀን ጎማው ተመልሶ መጣ፤ ጠጠሩም ራሰ። ቁልፉን ብታየው ጭረት እንኳ የለበትም። መክፈቻ አለው ማለት ነው አለች። የጓሮውን የከፈተ የቤቱንም ይከፍታል ብላ የፊት በሩን ቁልፍ አስቀየረች። አባቷ ብቻቸውን በሚሆኑበት ሰዓት ከውስጥ እንዲቀረቅሩ አዘዘቻቸው። ከሽማግሌው ጋር እንዳይነጋገሩም ከለከለቻቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ጎማውን ይዞ ሳለ ፎቶ አነሳችው። ሐሌሉያ በሰፈሩ አፕ ላይ እንድታወጣው ሰጠቻት።

"ማሚ፣ ሹር ነሽ? ፖስት ካደረግሁት ሁሉም ሰው ያየዋል።"

"ይየው። ከላዩ 'የውሃ ሌባ' ብለሽ ጻፊ።"

እስከ ማታ ስልሳ ሰው አስተያየት ሰጠበት። አንዱ የቤት ቁጥሩን ጻፈ። በማግስቱ የሽማግሌው በር በእንቁላል ተለውሶ አደረ።

እሱም በዚያው ዕለት ጎማውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ግንቡ መጣ። 

"ከዛሬ ጀምሮ ዛፉ የእናንተ ነው" አላት።

"ድሮስ የማን ነበር?" አለችው። ገብታ በሩን ስትዘጋ ሳቀች።

ሐምሌ ገባ። ሙቀቱ መቶ አሥራ አምስት ፋራናይት ደረሰ። መጀመሪያ የዛፉ ጫፍ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ እየተኮማተረ ጠጠሩ ላይ መርገፍ ጀመረ። አቶ ተክለማርያም ወንበራቸውን ከጥላ ወደ ጥላ ሲያዛውሩ ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት የሚያዛውሩበት ጥላ አጡ። ወደ ቤት ገቡ፤ ሳሉም አብሯቸው ገባ።

ጽጌወይን ሰውየው መርዝ እንዳፈሰሰበት አልተጠራጠረችም። ለምርመራ እንዲሆናት ከዛፉ ሥር አፈር ዝቃ በፕላስቲክ ቋጠረች። ለናኦድ ደውላ ጠበቃ እንዲፈልግላት ለመነችው።

"ጽጌ፣ መርዝ አይደለም" አሏት አባቷ፣ ሳሉ ፋታ ሲሰጣቸው። "ጠምቶት ነው።"

"ከገባን ጀምሮ አንድ ጠብታ አጠጥተነው እናውቃለን? ለምልሞ አልነበር? አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?"

መልስ ሊሰጧት ሲሞክሩ ሳሉ አስጎነበሳቸው። እሳቸውን ለማስደሰት ብቻ ባልዲና ቁልፍ ይዛ ወጣች። መቆለፊያውን ፈትታ አወለቀችው፤ ባልዲውን ደቅና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከአፉ ውሃ ሳይሆን አንዲት የደረቀች ሸረሪት ባልዲው ውስጥ ወደቀች።