ጫማዋን አቅፋ የቆመችው

እህቴ፣ ይቺን እናት እዪልኝ። ከአትላንታ ተነስታ ካሊፎርኒያ፣ ሃንቲንግተን ቢች ባህር ዳርቻ ድረስ መጥታ፣ ሰው ሁሉ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበሉ ላይ ሰርፍ ሲያደርግ እሷ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ልጇ ሰሎሜ ለራሷ ሰርፍ ቦርድ፣ ለእናቷ ወንበር ነበር የተከራየችው።

«እኔም እገባለሁ» አለች እናት፣ ጫማዋን አውልቃ ለልጇ እያቀበለች።

«ማሚ፣ ፕሊስ! ዋና አትችዪም። ጉልበትሽስ?»

«እዚያ አትላንታ፣ ስኮትዴል ሥራዬ ላይ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ከአልጋ ሳነሳ ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ደግሞ ስጠመቅ ውሃ ውስጥ ጠልቄ ወጥቻለሁ። በውሃ አታስፈራሪኝ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና እስከ ጉልበቷ ገባች። ማዕበሉ መጣና አሸዋው ላይ ቁጭ አደረጋት። ሰሎሜ ጮኸች። እናት ግን ጨዋማውን ውሃ እንትፍ ብላ፣ «ሃሌሉያ!» እያለች ተነሳች። ዞር ስትል ልጇ የእናቷን ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ ደረቁ አሸዋ ላይ ቆማለች። የኪራይ ሰዓቱ ያለፈበት ቦርድ አጠገቧ ነው፤ አንድ ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«አሃ! የፈራሽው አንቺ ነሽ ለካ!» አለችና እጇን ዘረጋችላት። «ነይ የኔ ልጅ፣ እይዝሻለሁ።»

እባክሽ እህቴ፣ እናትሽ ልግባ ካለችሽ ጫማዋን አስቀምጪና አብረሻት ግቢ።