ሰላምታ የለመዱት የጎርጎራ ዓሦች

ሚያዝያ ነው። ጎርጎራ ላይ የጣና ውሃ ሞቅ፣ ነፋሱም ጋብ ብሎ፣ ቀረሶውና አምባዛው ዳር ድረስ መጥቷል። በየታንኳችን ላይ የዓሣ ንግግር የሚተረጉም መሣሪያ እንድንሰቅል ሕጉ ባያስገድደን ኖሮ፣ ለማጥመድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። ብዙ ጊዜ አውርተን ስለለቀቅናቸው ደግሞ እኛንም ቤተሰቦቻችንንም በስም ያውቃሉ።

ዛሬም መረቤን ስስብ አንድ ቀረሶ፣ «ጋሽ ይርዳው፣ እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለኝ።

ምላሴ አያርፍም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» አልኩት። ደህንነቱን ጠይቄው ሳበቃ በምን አንጀቴ ልረደው? ለቀቅኩት።

ባዶ እጄን ስገባ ባለቤቴ ስንቅነሽ ጮኸችብኝ።

«ዛሬም ሽሮ? ነገ እኔ ራሴ እወርዳለሁ! እኔን በሰላምታ የሚያሞኝ ዓሣ ገና አልተፈለፈለም!»

በማግስቱ አንድ ወፍራም አምባዛ ታቅፋ መጣች። ደስ ብሎኝ ቢላዋ መሳል ጀመርኩ። እሷ ግን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልታ፣ ዓሣውን ቀስ አድርጋ አስገባችው።

«ቢላዋውን አስቀምጥ።»

«ምን ብሎሽ ነው?»

«‹ስንቅነሽ፣ ምነው ከስተሻል?› አለኝ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ አንድ ቀን እንኳ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ለምሳ ሽሮ ሠራሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ የሰጠችው ለአምባዛው ነው።