አሥራ አራተኛው ኮለን

የከተማው ባቡር፣ ላይት ሬይሉ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር በደረሰ በሁለተኛው ዓመት ፍስሐ ሥራ አገኘ። ሥራው መዶሻ ይዞ ኮንክሪት ማንኳኳት ነበር።

በሲያትል መሀል የሚያልፈውን ፍሪዌይ የተባለ አውራ ጎዳና የተሸከሙት ኮለኖች፣ የኮንክሪት ምሰሶዎቹ፣ አርጅተዋል። ከላይ የሚወርደው ውሃና ጨው ሰርጎ ገብቶ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ያዝገዋል። ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ስለዚህ ይንኳኳል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው እንደ ባዶ በርሜል ዶም ይላል። ዶም ባለበት በጠመኔ ክብ ይሰመራል። ጃክሀመር የሚባለውን መሰባበሪያ የያዙት ሠራተኞች መጥተው ይፈለፍሉታል፣ ዝገቱ ይጠረጋል፣ ፌሮው ላይ ዝገት የሚከላከል ዚንክ ይታሰራል፣ በአዲስ ሞርታር ይደፈናል። በቃ፣ ያ ኮለን ለብዙ ዓመት መኪና ይሸከማል።

ፍስሐ ሥራውን ወደደው። ያልወደደው ጋሽ ንዋይን ነው።

ጋሽ ንዋይ በኩባንያው ሃያ ዓመት የሠሩ ኢንስፔክተር ናቸው። ፍስሐን መርጠው ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው፤ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይቆይ ወይም ይሰናበት ብለው የሚፈርሙትም እሳቸው። ፍስሐ ከጀርባቸው መጥቶ «እንደምን አደሩ» ሲላቸው ዞር ብለው እንኳ አያዩትም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ስታናግረኝ ፊት ለፊቴ ቁም» አሉት፣ እንደ ጦር አለቃ። ቢደውልላቸው አያነሱም።

«ቴክስት አድርግ» ይሉታል በማግስቱ።

ጃክሀመሩ ማጓራት ሲጀምር ሰው ሁሉ ጆሮውን ይደፍናል። እሳቸው እንዲሁ አጠገቡ ይቆማሉ። ፍስሐ ይህንንም በጉራ ቆጠረባቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን ፈተናው ነበር። ሠራተኛ ወደ ላይ በሚያነሳው ሊፍት አብረው ይወጣሉ፣ ፍስሐ ያንኳኳል፣ ጋሽ ንዋይ መዳፋቸውን ኮንክሪቱ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ፍስሐ ፊት ላይ ይተክላሉ።

«ምን አለ?»

«ደህና ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ባዶ ነው፣ ጋሽ ንዋይ።»

ያሰምራሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። ጎበዝ አይሉ፣ ተሳስተሃል አይሉ።

«ስህተቴን እየለቀሙ ነው» አላት ለሚስቱ ለፀዲ፣ ካፒቶል ሂል ካለው ሬስቶራንት ከሥራ ስትመለስ። «ሦስት ወሩ ሲሞላ ሊያሰናብቱኝ።»

«ታዲያ አንተ አትሳሳታ» አለችው ጫማዋን እያወለቀች።

አልተሳሳተም። ጭራሽ ጎበዘ። ከላይ ከባድ መኪና እያለፈ እንኳ ድምፁን መለየት ቻለ።

ሦስት ወሩ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው አሥራ አራተኛው ኮለን ጋ ደረሱ። ፍስሐ አንድ ጊዜ መታ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለ?»

«ባዶ ነው። እስከ ላይ ድረስ።»

ጋሽ ንዋይ ደብተራቸውን ገለጡ። «ባለፈው ፀደይ ታይቷል። ደህና ነው ይላል።»

«ማን ነው ያየው?»

«እኔ።»

 ፍስሐ «አዎ፣ ልክ ነዎት፣ ደህና ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከላይ አንድ አውቶቡስ ሲያልፍ ሊፍቱ ተንቀጠቀጠ።

«ድገመው» አሉት። ደገመው። «አሁንም።» መታ። አንድም ጊዜ ኮንክሪቱን አላዩም፤ የሚያዩት እሱን ነበር።

«ባዶ ነው፣ ጋሽ ንዋይ» አለ ፍስሐ። «ሥራዬንም ቢያሳጣኝ ባዶ ነው።»

ጃክሀመር የያዙት ሰዎች መጡ። ገና ሲነኩት የበር ስፋት ያለው ኮንክሪት በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወረደ። ውስጡ የነበረው ፌሮ ተበልቶ ተበልቶ ቀጥኖ የመጻፊያ እርሳስ አክሏል። ከላዩ ያለው የፍሪዌይ መስመር ወዲያው ተዘጋ፤ ኮለኑ በብረት ተደገፈ። ሠራተኞቹ ፍስሐን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ጋሽ ንዋይ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ዋሉ።

«አዋረድኳቸው» አላት ፍስሐ ለፀዲ። «ትልቅ ሰው፣ በሰው ፊት። አለቀልኝ።»

በማግስቱ ጋሽ ንዋይ አልመጡም። ረፋድ ላይ የፕሮጀክቱ ኢንጂነር ቢልቂስ ቢሮዋ አስጠራችው። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ መቀለድ ልማዷ ቢሆንም ዛሬ አልቀለደችም።

«ቁጭ በል። ከሰኞ ጀምሮ ሃያ ሁለት ኮለን እንደገና ታንኳኳለህ። ባለፈው ፀደይ ደህና ናቸው የተባሉትን።»

ቅጣት መሆኑ ገባው። «ኢንጂነር፣ ጋሽ ንዋይን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ይቅርታም እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸው ግን ከመጀመሪያውም አልወደዱኝም፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲፈትኑኝ ነው የከረሙት።»

ቢልቂስ መሳቢያዋን ከፈተች።

«ዛሬ ጠዋት ሥራ ለቀዋል» አለች። «ይቺን ትተው ነው የሄዱት።»

በአማርኛ የተጻፈች አጭር ወረቀት ገፋ አደረገችለት። ፍስሐ አነሳት።

«ፍስሐ በእኔ ቦታ ይግባ፤ ብቻዬን ያየኋቸውን ሃያ ሁለት ኮለኖችም እሱ እንደገና ያንኳኳቸው። ከተቀጠረ ወዲህ ያሰመርኩት ክብ ሁሉ እሱ የሰማው ነው፤ እኔ ከደነቆርኩ ዓመት ተኩል አልፎኛል።»